ለትርንጎ ምሕንድስና ዋስ የሆንሁ ዕለት

ከደባርቅ የወጣሁ ዕለት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይነፋል፤ እኔ ግን ወፍጮ ቤት ሞተሩ ሥር ተጋድሜ ነበር። ሌላ ማን ያውቅበታል? ፊደል ከቄስ ተማርሁ፤ ሞተርን የተማርሁት ግን ከራሱ ከሞተሩ ነው። እህል ይዘው የቆሙት ሴቶች "ለማን ጥለውን ነው?" ብለው ያዙኝ።

"ለዓይን ሕክምና ነው፤ በስድስት ወር እመለሳለሁ።"

"ዋስ ይጥሩ!"

ጎረቤቴ መሪጌታ ስንታየሁ "እኔ ዋስ ነኝ" ቢሉ ለቀቁኝ።

ይኸው ጀርመን፣ ልጄ ዘንድ፣ ሰባት ዓመቴ። ዓይኔ ድኗል፤ ሰበቤ ግን አላለቀም። ብርዱን፣ ሰሜን ተራራ ጨነቅ ላይ ያደረ ሰው ብርድ አይለውም። ዳቦአቸው ግን ጥቁርና ጎምዛዛ ነው፤ የጠላ ድፍድፍ ጋግረው የሚሸጡ ይመስለኛል።

የሥራ መዝጋቢዋ በልጄ አስተርጓሚነት ጠየቀችኝ።

"ሙያዎ?"

"መሐንዲስ።"

"ዲፕሎማ?"

"ከደባርቅ እስከ ድብ ባሕር ያለ ወፍጮ ሁሉ ምስክሬ ነው።"

"እንግዲያው ወፍጮዎቹ በጽሑፍ ይመስክሩ" አለችና "ሙያ የለውም" ብላ ጻፈች። እኔን! አከራያችንም ብትሆን፣ የተበላሸ ማሞቂያዋን ባስነሣላት "ማን ፈቀደልዎት?" የሚል ደብዳቤ ላከችልኝ። ማሞቂያው እስከ ዛሬ ይሠራል።

ያን ጊዜ እጅም ወረቀትም እንደሚያስፈልግ ገባኝ። በየዳ ወረዳ አንድ የውኃ ፓምፕ ቢቆም ሠሪ ከጎንደር እስኪመጣ ሰው ምንጭ ለምንጭ ይንከራተታል። ስለዚህ እዚህ ያለን የደባርቅና የዳባት ልጆች አዋጥተን፣ የሳይንስና የምሕንድስና ተማሪዎችን በዩኒቨርሲቲ ልናስተምር ተስማማን። ተመርቀው ተመልሰው አምስት ዓመት አገራቸው ላይ ይሥሩ አልን። ሐሳቡ የእኔ ነው። "እንዲመለሱ ዋስ ይጥሩ" የሚለውንም ያስጻፍሁ እኔው ነኝ።

የመጀመሪያዋ አመልካች አባቷ የሞተባት የእህቴ ልጅ ትርንጎ ሆነች። ዋስ አጣች፤ ያለ ዋስ ደግሞ ትምህርቱ ይቀርባታል። ደባርቅ ላይ ተማሪዎቹን የሚመርጠውን ኮሚቴ የሚመሩት መሪጌታ ናቸውና ደወልሁላቸው።

"ዋሷ እኔ ነኝ!"

"ለምኑ?" አሉ።

"ተምራ እንድትመለስ ነዋ!"

"አያ ውብነህ፣ ለመመለስ ዋስ የምትሆነው አንተ ነህ?" ኮሚቴው ሲስቅ ይሰማኛል። "ያ ሞተር ከሄድህ ወዲህ አልተነሣም። ሴቶቹ ዳባት ድረስ ሄደው ባስፈጩ ቁጥር የሚረግሙት እኔን ዋስህን ነው።"

"ታዲያ ልጅቱ በእኔ ጥፋት ትቅር?" አልሁ።

"አትቀርም። እኔው ዋስ እሆናታለሁ፤ እርግማኑን እንደሆነ ለምጄዋለሁ።"

እዚያው የነበረችው ትርንጎ ስልኩን ተቀበለች። "አጎቴ፣ ተመርቄ ስመለስ መጀመሪያ የማስነሣው የእርስዎን ወፍጮ ነው። እስቲ እንዴት እንደሚነሣ ይንገሩኝ።"

"መጀመሪያ ጆሮሽን ሞተሩ ላይ ትለጥፊያለሽ። ከዚያ..." እጄ ባዶውን አየር ማዞር ጀመረ። "በስልክ አይሆንም፣ ልጄ። እጄን ማየት አለብሽ።"

"መቼ?"

"በስድስት ወር።"

መሪጌታ ከጀርባዋ ጮኹ፦ "ዋስ ይጥራ በይው!"