ለእሷ ያልተጻፉ ስምንት ደብዳቤዎች

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ፊደል የቆጠረችው በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። እስከዚያ ድረስ አንሶላዎቹ ላይ የታተመውን ቁጥር እንኳ በመልኩ ነበር የምትለየው፤ ሁለትን «ዳክዬዋ»፣ ሰባትን «ከዘራው» እያለች። ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ ከሥራ መልስ ትምህርት ሲከፍት ባልደረቦቿ ሳቁባት። «ደግሞ አሁን ተምረሽ ሚኒስትር ልትሆኚ ነው?» አሏት። እሷ ግን ለማንም ያልነገረችው ጉዳይ ነበራት። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያኖረቻቸውን ስምንት ደብዳቤዎች በራሷ ዓይን ማንበብ ፈልጋ ነው።

ደብዳቤዎቹን የላከው ባሏ ነው። ያኔ ገና አልተጋቡም፤ እሱ በሌላ ከተማ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፣ የተያዩትም አንድ ቀን ብቻ። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ የአውቶቡስ ጣቢያው የስምሪት ኃላፊ ነበር። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ከቢሮው ይዞት ይመጣና መነጽሩን ወልውሎ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ያነብላትና ወረቀቱን ይሰጣታል።

«‹ዓይንሽን ሳላይ የዋልኩትን ቀን ከዕድሜዬ አልቆጥረውም› ይልሻል።»

እሷ ሸውራራ ናት። ሰው ሲያናግራት መሬት መሬት እያየች ያደገች ልጅ፣ ያን ሰሞን ቀና ብላ መሄድ ጀመረች።

ተጋቡ። ባሏም የአውቶቡስ ሾፌር ሆነ። በወረቀት ማር የነበረው ሰውዬ በአካል ሲመጣ ቃል ከአፉ በጉጠት የሚወጣ ሆኖ አረፈው። ሲበላ ጀርባውን ይሰጣታል። ሰው ፊት «ያቺ ባንድ ጊዜ ሁለት ቦታ የምታይ» እያለ ያስቅባታል። «አንዳንድ ሰው በአፉ አይሆንለትም» እያለች ቻለችው። ሲመርራት ቆርቆሮውን ከፍታ ወረቀቶቹን ትዳስሳለች።

ማንበቡ የተሳካላት ዕለት ባሏ መንገድ ወጥቶ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ዘረጋች። ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እየገፋች ሄደች። ስሟ የለም። «ለተከበሩ የስምሪት ኃላፊ» ይላል። «ስለ እህትዎ አስቤበታለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ዓይኗን ሳየው ደስ አላለኝም። ቢሆንም የሾፌርነቱን ቦታ የሚያስጨርሱልኝ ከሆነ አገባታለሁ።» በሦስተኛው ሌላ ሰው ቦታውን እንዳይቀድመው ያሳስባል። በስድስተኛው «ታናሿን ቢሰጡኝ ኖሮ ባላመነታሁ» ይላል። ስምንቱንም ጨረሰች። ፍቅር የሚል ቃል አንድም ቦታ አላገኘችም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ይዛ ወንድሟ ቤት ሄደች። ጡረታ ወጥቶ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እንደ ድሮው አንብብልኝ።»

ደስ አለው። መነጽሩን ወለወለ። «‹ዓይንሽን ሳላይ የዋልኩትን ቀን…›»

«የትኛው መስመር ላይ ነው?»

ቀና ብሎ አያት። ጣቷ ወረቀቱ ላይ ነበር።

«እዚህ ጋ ‹ደስ አላለኝም› ነው የሚለው ጋሼ።»

መነጽሩን አወለቀና ተቆጣ። «ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ደጃችን ላይ ማን ተሰልፎልሽ ነበር? ስምንት ወር ሙሉ እንደ ሰው ደስ ብሎሽ ከረምሽ። ማን ነው ያንን የሰጠሽ? እሱ ነው?»

ባሏ ከመንገድ ሲመለስ ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው አገኛቸው። አልደነገጠም፤ ጫማውን እያወለቀ መለሰላት።

«እኔ ምን ደበቅኩ? ያሰብኩትን ሁሉ ጽፌ ልኬያለሁ። አለመማርሽ የእኔ ጥፋት ነው?»

የቀረቻት ልጇ ነበረች፤ ባል አግብታ ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው። ስትነግራት ልጅቷ ዓይኗን ሰበረች።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አሥር ዓመት ሳይሞላኝ አንብቤያቸዋለሁ። አንቺ ቆርቆሮውን ስትከፍቺ ፊትሽ ይበራል፤ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ደግሞ እኔና አባዬ አንዳንዴ ስንቀልድበት…» ከአፏ ካመለጣት በኋላ አፏን ያዘች።

እናትየው ተነስታ ወጣች። በማግስቱ ልብሷን ሰብስባ ከሆስፒታሉ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች። ባሏ የሚታጠብ ልብስ ተከምሯል ብሎ በልጇ በኩል ላከባት፤ መልስ አልሰጠችም። ወንድሟ በዚያው ክረምት ሞተ። ቀብሩ ላይ ቆማ አፈሩ ሲመለስ አየችና እንባ ሳይወጣት ሥራ ገባች። «አንጀቷ ድንጋይ ነው» ተባለ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ መተኮሻ ክፍሉ ውስጥ፣ ማንበብ የማትችል አሮጊት ባልደረባዋ ከልጇ የመጣ ደብዳቤ አምጥታ ሰጠቻት። ሌሎቹ አጣቢዎች ሊሰሙ ጠጋ ጠጋ አሉ። እሷም ድምፅዋን ሳታሳንስ አነበበች፦ «እናቴ፣ አልመጣም። ሚስቴ ካንቺ ጋር መኖር አትፈልግም፤ እኔም አልፈልግም። አትጠብቂኝ።»

አሮጊቷ ያልደረቀ አንሶላ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«ምናለ ትንሽ ብታለሳልሺው?» አለቻት አንዷ።

«የተጻፈውን ነው ያነበብኩት» አለች።

ከዚያ በኋላ ማንም ደብዳቤ አላመጣላትም።