ቦራና ቡራቡሬው ቅል

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ከኛ አገር ልጆች መካከል በረሃ ያቋረጡ፣ በጀልባ ባሕር የተሻገሩ አሉ፤ የእነሱ ይነገር ቢባል ያምራል። እኔ የሄድኩት በአውሮፕላን ነው፤ ቪዛ ይዤ፣ ብርድ ልብስ ተሰጥቶኝ፣ ሩዝ በዶሮ እየበላሁ። የምጽፈውም ስለ አንዲት ላም፣ ስለ አንድ የማለቢያ ቅልና ስለ ቅናት ነው። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼው ነበር። በቀደም ግን እዚህ ካሉት ያገሬ ልጆች ጋር ስንጫወት አንዷ፣ «አገር ቤት ያሉት በኛ ይቀናሉ እንላለን እንጂ የምንቀናው እኛ ነን» አለች። ማንም አልሳቀም። ስለዚህ ልሞክረው።

ከወረታ የወጣሁት መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ማታውን ቦራን ያለብኳት እኔ ነበርኩ። ቦራ የእናቴ ላም ናት፤ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት የፎገራ ላም። ከብት ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ላም አላቢዋን ትመርጣለች። ቦራ የመረጠችው እኔን ነበር። ጥጃው ጠብቶ ወተቷን ካወረደላት በኋላ እንኳ ሌላ ሰው ሥሯ ከተቀመጠ መልሳ ትይዘዋለች። እኔ «ቦራዬ፣ የቤቴ ምሰሶ» እያልኩ ስጀምር ግን ጆሮዋን ጣል አድርጋ ትቆማለች። ከእናቴ ሁለት ሴት ልጆች እኔን የሚለየኝ ይኸው ነበር። ትርንጎ፣ ታናሼ፣ መልኳም ሳቋም ከኔ ይበልጣል፤ ቦራ ግን የኔ ናት።

በዚያ ማታ ትርንጎ ባትሪ አብርታልኝ ቆማ ነበር።

«እታለም፣ ከነገ ጀምሮ እንግዲህ የማልባት እኔ ነኝ።»

«አትሰጥሽም።»

«ለምን አትሰጠኝም?»

«አታውቅሽማ።»

«አንቺንስ ስትወለጂ ታውቅሽ ኖሯል?»

ሚኒባሱ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚገናኙበት ቦታ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አባቴ ሻንጣዬን ጫነ፣ እናቴ አለቀሰች። ትርንጎ አላለቀሰችም። የሌሊቱ ብርድ ይዟት የኔን የዘወትር ነጠላ ደርባ መጥታ ነበር፤ ሻንጣዬ ሞልቶ ግርግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረውን። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት ዞሬ ሳይ እናቴ አጠገብ በኔ ነጠላ የቆመችው እሷ ናት። ቅናቴ የጀመረው ገና ወረታን ሳልለቅ ነው ብል አልዋሸሁም።

ለትምህርት የሄድኩበት ከተማ ኮንያ ይባላል፣ ቱርክ ውስጥ። ሜዳ ነው፤ ዳር የሌለው ሜዳ። በመስኮት ሳየው ፎገራ የመጣሁ ይመስለኛል። ግን የኛ ሜዳ ክረምት በመጣ ቁጥር የርብ ወንዝ ሞልቶ የሚተኛበት፣ ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድግበት ነው፤ ይሄኛው ውሃ የጠማው ነው። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። አይራን የሚሉት መጠጥ አላቸው፤ አሬራ መስሎኝ በደስታ ተጎነጨሁት፣ ጨው ነው። ሰዓታቸው ብቻ ከኛ ጋር አንድ ነው። እናቴ ላም በምታስገባበት ሰዓት እዚህም ይመሻል። ይህ ያጽናናኛል ብዬ ነበር፤ ይልቁንም የባሰው እሱ ሆነ፣ በየማታው እነሱ ምን እያደረጉ እንደሆነ ስለማውቅ።

ኢካሜት የሚባለውን የመኖሪያ ካርድ ለማውጣት በሄድኩ ዕለት ሹሙ፣ «ሶያዲ?» አለኝ። የቤተሰብ ስም ማለቱ ነው።

«የአባቴ ስም አለሙ ነው» አልኩት።

«የአባትሽን አይደለም። የቤተሰቡን።»

«የአባቴ አባት ገላው ይባላል።»

«የእሱስ የቤተሰብ ስም?»

«የእሱ አባት ተገኘ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እስከ የት ነው የምትቀጥይው?»

«እስከ ሰባት ድረስ እችላለሁ። በኛ አገር ለጋብቻ ይቆጠራል።» ልረዳው ፈልጌ ነበር።

«እኔ ካርድ ልሰጥሽ ነው እንጂ ላገባሽ አይደለም» አለ።

ሞቃት ክፍል ያገኘሁት ሀቲጄ ቴይዜ ከሚሏት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው። ቴይዜ እንደኛ እትዬ ማለት ነው። የምንግባባው ግማሹን በቱርክኛ፣ ግማሹን በእጅ ነበር። ገና ቁልፉን ሳትሰጠኝ ሕጓን ነገረችኝ።

«ገላሽን የምትታጠቢው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው።»

«በሌላው ቀንስ?»

«በሌላው ቀን ገንዳው ሥራ አለው።»

ገንዳ ምን ሥራ ይኖረዋል እያልኩ ቁልፉን ተቀበልኩ። ቤቷ ግን ግራ የሚያጋባ ነበር። እንጨት መስሎኝ የዳሰስኩት ጠረጴዛ ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ፤ እብነ በረድ ያልኩት የአበባ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ነው። የመብራት ማብሪያው ሳይቀር ሌላ ነገር መስሏል።

ከሳምንት በኋላ ምሥጢሩን አየሁ። ሀቲጄ ቴይዜ ገንዳውን ለብ ባለ ውሃ ትሞላለች። ሥዕል የታተመበት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ላስቲክ አላት፤ እሱን ቀስ አድርጋ ውሃው ላይ ታነጥፈዋለች። ትንሽ ቆይታ አክቲቫቶር የሚሉትን ፈሳሽ ትረጭበታለች። ያን ጊዜ ላስቲኩ ይሟሟና ቀለሙ ብቻ ውሃው ፊት ላይ እንደ ዘይት እያብለጨለጨ ይቀራል። ነጭ ቀለም የተቀባውን ዕቃ ዘንበል አድርጋ፣ ቀስ ብላ ቀለሙን እያቋረጠች ታጠልቀዋለች። ውሃው ራሱ ሥዕሉን ዕቃው ላይ ይጠመጥመዋል። ከዚያ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቫርኒሽ ይቀባል። ባዶ ሆኖ የገባው አጊጦ ይወጣል።

እኔም ሞከርኩ። ሦስት ብርጭቆ አበላሸሁባት፤ የአንዱ ሥዕል ተጨማደደ፣ የሌሎቹ አየር ይዞ እንደ ፈንጣጣ ተበሳሳ።

«እጅሽ ይቸኩላል» አለችኝ። «አሳብሽ ሌላ ቦታ ነው።»

ነበር። በዚያው ሰሞን እናቴ ደውላ ቦራ ለትርንጎ ወተት እንደከለከለቻት ነግራኝ ነበር። «ትረግጣለች፣ ወደ በሩ እያየች ትጮሃለች፤ አንቺን ነው» አለችኝ። አፌ «ምነው፣ አይዟችሁ» አለ፤ ሆዴ ግን ደስ ብሎት አደረ። ስልኩን ዘግቼ የሀቲጄ ቴይዜን ጨዋማ አይራን እንኳ ጠጣሁት።

አንድ ቀን ከላስቲኮቿ መካከል ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የሆነ ጥቅል አገኘሁ። ሥዕሉ የላም ቆዳ ነው። ቴይዜ ለወጣቶች የስልክ መያዣ የምታስጌጥበት ነበር። ለኔ ግን ቦራ ጎኗን ሰጥታኝ የቆመች መሰለኝ። ቴይዜ ዓይኔን አይታ ጥቅሉን ሰጠችኝ። በጥር ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚሄድ ልጅ ነበር፣ ለእናቴ ላኩላት። አሳቤ ግልጽ ነበር፤ አይታው ታስቀምጠዋለች፣ እኔ ስመለስ ዕቃዋን በእጄ አስጌጥበታለሁ።

ትርንጎ ግን ማስቀመጥ አታውቅም። እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። አክቲቫቶሩ በአውሮፕላን አይጫንም፤ እንደማይሆንላት ስለማውቅ በዝርዝር ነገርኳት። እሷ ታዲያ ባጃጅ ከሚቀባው ጎረቤታችን በአክቲቫቶሩ ፋንታ ቲነር ለምና፣ አፍንጫዋን በነጠላ አስራ ግቢ ውስጥ ጀመረች። የመጀመሪያው ቀለጠባት። በሁለተኛው ያዘላት። ውሃ ማሞቅ እንኳ አላስፈለጋትም፤ የወረታ ፀሐይ በርሜሉን ለብ አድርጎ ይጠብቃታል። እኔ በማንቆርቆሪያ ውሃ ሳመላልስ ነበር።

መጀመሪያ የባጃጅ መስታወት ጀርባ ሠራች። ባለባጃጁ ከተማውን ዞረበት። ከዚያ ሰው ሁሉ ዕቃውን ተሸክሞ መጣ፤ የሞተር ቆብ፣ የራዲዮ ሽፋን፣ ከይፋግ ገበያ የተገዛ የፕላስቲክ ወንበር። እናቴ ስትደውል ወሬዋ ይኸው ሆነ።

«የትርንጎ እጅ እኮ እጅ አይደለም፣ ጸጋ ነው። አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ላስቲኩን የላኩት እኔ ነኝ እኮ፣ እማ።»

«አዎ፣ ተባረኪ። ደግሞ ቦራ እሽ አለቻት፣ ነገርኩሽ?»

አልነገረችኝም ነበር። ስልኩን ለትርንጎ እንድትሰጣት ጠየቅኳት።

«እንዴት እሽ አለችሽ?»

«ነጠላሽን ለብሼ ነዋ» አለች። «ሽታሽ አለበት። ‹የቤቴ ምሰሶ› የምትይውንም አልኳት።»

«ነጠላዬን ማን ንኪ አለሽ?»

«አንቺ ነሻ ጥለሽው የሄድሽ።»

ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ቆጠርኩ። እህቴ እጄን ወሰደች፣ ነጠላዬን ወሰደች፣ ቃሌን ወሰደች፤ የቀረኝ ሩቅ አገር ያለች ጎበዝ ልጅ መባል ብቻ ነው።

ሁዳዴ ገባ። በጾሙ ወተት ስለማይጠጣ ለቅቤ የሚሆነውን ያህል ብቻ በጆግ ይታለባል፤ ማለቢያው ቅል ጓዳ ተሰቅሎ ይከርማል። እኔ ስለፈለፈልኩት፣ አፉን ስለሞረድኩት፣ ለዓመታት በወይራ ስላጠንኩት ቅል ነው የማወራው። ትርንጎ ለፋሲካ እናቴን ላስደስት ብላ በቀረው ላስቲክ አጠለቀችው። በቪዲዮ አሳየችኝ። እንከን የለውም። ጥቁሩና ነጩ አንገቱ ላይ ሳይቆረጥ ዞሯል፤ ቦራ ራሷ ተለውጣ ቅል የሆነች ይመስላል። «አምሯል» አልኩ። ማማሩ ነው ያናደደኝ።

በፋሲካ ማግስት እናቴ እንደ ልማዷ ውስጡን በወይራ አጠነችው። የሞቀው ቫርኒሽ ሸተተ። ቦራ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች፣ ወደ ኋላ አለች፣ ወተቷን ከለከለች። በነጠላዬም ሆነ በቃሌ እንቢ አለች። በማግስቱ በጆጉም ሞከሩ፣ ከዚያ ወዲያ ማንኛውንም ዕቃ ስታይ ትረግጥ ጀመር። ጥጃው ብቻ ይጠባል፤ ጾም ተፈትቶ ቤታችን ወተት የለም። ትርንጎ ቅሉን ነፋስ ላይ ሰቀለችው፣ በቦራ ቅቤ ደጋግማ አሸችው። ሽታው ጠፋ፣ የላሟ ጥርጣሬ ግን አልጠፋም።

በመጨረሻ እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ልጄ፣ ማስተዋልዬ፣ እስቲ አንቺ አናግሪያት። ያንቺን ድምፅ ብትሰማ ምናልባት።»

ይህን ቃል ከመስከረም ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። በሩን ዘጋሁ፣ አልጋዬ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። አባቴ ስልኩን ለቦራ ጆሮ አስጠጋ። ትርንጎ ቡራቡሬውን ቅል ይዛ ሥሯ ተቀምጣለች።

«ቦራዬ» አልኩ። «የቤቴ ምሰሶ።»

«ጆሮዋን አቆመች» አለ አባቴ።

ቀጠልኩ። የማውቀውን ሁሉ አልኳት፤ የሜዳው ጌጥ፣ የጣና ዳር ንግሥት አልኳት። ኮንያ ውስጥ በዝግ ክፍል ለላም እየዘመርኩ እንደሆነ ትዝ አላለኝም። ከዚያ ግርግር ሰማሁ። ገመዱ ተጎተተ፣ እናቴ «ያዟት» አለች። ቦራ ጮኸች፤ ጩኸቱ ከስልኩ ራቀ። ወደ በሩ ሄዳ ነበር።

ትርንጎ ስልኩን ተቀበለች። ትንፋሽ አጥሯታል።

«እታለም፣ ዝም በይ።»

«ምን ሆነች?»

«እየፈለገችሽ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለሽ መስሏታል። ድምፅሽን እየሰማች አትቆምም።» ስልኩን ልዘጋ ስል፣ «አትዝጊው። ዝም ብቻ በይ» አለች።

እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። ቦራን ሲመልሷት ሰማሁ። ትርንጎ መናገር ጀመረች፤ ቃሉ የኔ፣ ድምፁ የሷ። «የቤቴ ምሰሶ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል። ብዙ ቆየ። ከዚያ የመጀመሪያው ወተት የባዶውን ቅል ሆድ ሲመታ ሰማሁ፤ ከዚያ ሁለተኛው፣ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ እየወፈረ። ሀቲጄ ቴይዜ በሩን አንኳኳች፣ አልመለስኩም። ቅሉ እስኪሞላ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ ቦራን አናግሪያት ያለኝ የለም። ዕለቱ ጊዮርጊስ ነበር፣ ሚያዝያ 23።