የሐምሌ ለምለም

ባለቤቴ ፎርድስበርግ ካለ መኪና ሻጭ አንድ ያረጀ ቫን ገዝቶ መጣና የኋላ በሩን ብርግድ አድርጎ ከፈተልኝ። «ሽታው ይለቃል» አለኝ፣ ገና አፍንጫዬን ሳልይዝ። ሳይደርቅ የተጠቀለለ የስፖንጅ ፍራሽ፣ የሲጋራ አመድ፣ ከሥር ደግሞ ምንነቱን ላውቀው የማልፈልገው የታመቀ ነገር። ኤጭ! እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ ሰዎች መኪና ውስጥ የሚያድሩባቸውን ቦታዎች ያሳየኛል፤ ፍሪ ስቴት በሚባለው የገበሬ ክፍለ ሀገር ውስጥ ሜዳ ለሜዳ፣ ለያንዳንዱ ቦታ ኮከብ ተሰጥቶታል። ሰው ቤት እያለው ሜዳ ላይ ለማደር እንዲህ ይለፋል? «እኔ ሜዳ ላይ ማደሩን ድሮ ጨርሻለሁ» ብዬው ገባሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። ለአንቺ ልንገርሽ።

ያደግኩት ዳቬይተን በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነው፣ ከአባቴ ስፓዛ፣ ከትንሿ የሰፈር ሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ። አባቴ የኋላ ወንበሮቿ የተነቀሉ ነጭ ሚኒባስ ነበረችው፤ የሱቁን ዕቃ የሚያመላልሰው በእሷ ነበር። ሽንኩርት፣ ላምባ፣ የቀዘቀዘ የዶሮ እግር በካርቶን፣ ከበቆሎ የሚሠራው ያ የኮመጠጠ መጠጥ። መጠጡ ይፈሳል፣ የዶሮው እግር ይቀልጣል፣ ሁሉም የመኪናዋ ወለል ምንጣፍ ውስጥ ይገባል። ዛሬም ሱፐርማርኬት ውስጥ የዶሮ እግር የተደረደረበት ጋ ስደርስ ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው።

እናቴ ከከምባታ የመጣች፣ ንጽሕና ወዳድ ሴት ነች። ከመጣች ጀምሮ አገሩን ያየችው በሱቁ መስኮት ሽቦ ቀዳዳ ብቻ ነበር፤ ከሽቦው ወዲህ የኛ ዕቃ ይሸታል፣ ከሽቦው ወዲያ ቆሻሻ ሲቃጠል ይሸታል። «ይሄ አገር ይሸታል» ትል ነበር፣ ሌላ ወሬ የላትም። አባቴ እጁን ሺህ ጊዜ ቢታጠብ የዶሮው ሽታ አይለቀውም፤ ስለዚህ እሷ ከኔ ጋር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፣ እሱ ሱቁ ውስጥ የዱቄት ከረጢት አጠገብ። አንድ ክረምት ላይ ጨርሳ ወሰነች። የትምህርት ቤት ዕረፍት ሳያልቅ እኔን ይዛ አገሯ ልትገባ። ሻንጣችን ተዘጋጅቶ በሩ አጠገብ ቆመ።

አባቴ አልተከራከራትም። አንድ ነገር ብቻ ለመናት፤ ከከተማ ወጥቶ ያለውን አገር፣ ንጹሕ አየሩን ላሳይሽ፣ መኪናው ውስጥ አድረን እንመለሳለን፣ ከዚያ እንደፈለግሽ አላት። ነጮች ሜዳ ላይ ሲያድሩ ምን እንደሚያደርጉ ደንበኞቹ ነግረውት ነበር መሰለኝ። እናቴ «አይቼው እሄዳለሁ» አለች። ሱቁን ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ወንድም አደራ ብለን፣ ወለሉን በበረኪና አጥበን፣ ፍራሽ አንጥፈን ወጣን። በረኪናና የዶሮ እግር አንድ ላይ ሲሆኑ እንዴት እንደሚሸቱ አልነግርሽም።

ከከተማ ስንወጣ ያገኘነው አገር ሜዳ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ጉብታ የለው፣ ድንጋይ እንኳ የለው። ክረምቱ ዝናብ የሌለው፣ ብርድ ብቻ ስለሆነ ሣሩ ሁሉ ቢጫ ነው፣ በግራም በቀኝም የሽቦ አጥር። ሜዳው ሁሉ የሰው ነው፤ አንዲት መኪና የምትቆምበት ታጣ። ሲመሽብን መንገድ ዳር የሲሚንቶ ጠረጴዛ ተሠርቶ መንገደኛ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆምን። በማግስቱ ብርሃን ሲሆን ምን ላይ እንዳደርን አየን። የሕፃን ዳይፐር፣ የቢራ ጠርሙስ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ ሰው የተጸዳዳበት፣ ትኩሱም የደረቀውም። እናቴ በሻሿ አፍንጫዋን ሸፈነች።

ከዚያ የባሰው መጣ። እናቴ ወደ ውጪ መውጣት ነበረባት፤ የት? ሜዳው ላይ አንድ መከለያ ቁጥቋጦ የለም። አባቴ ብርድ ልብስ በሁለት እጁ ዘርግቶ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ፣ ነፋሱ ብርድ ልብሱን እያነሳ ይጥለዋል፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች ጡሩምባ እየነፉ ያልፋሉ። ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል። እኔም ለዚህ ነው የመጣነው ብዬ በአባቴ ተናደድኩ።

ቀኑን ሙሉ ቦታ ፍለጋ ዞርን። አንድ ገበሬ በሩ ላይ ቆመን ብንጠይቀው፣ መኪናችንን ዙሪያዋን አይቶ፣ ሽታዋም ደርሶት ነው መሰለኝ፣ በእጁ ወደ መንገዱ አመለከተን። አባቴ መሪውን ይዞ ማዶ ማዶውን ያያል፣ እናቴ ጉልበቷን ታያለች። ወደ ማታ ግድም፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ አለፍ ብለን፣ አጥሩ የወደቀበት ቦታ ላይ ድንገት ፍሬን ያዘ።

በዚያ ሁሉ ቢጫ መሀል አንድ ቁራጭ መሬት ለምልሞ ተኝቷል። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ መሀሉ ላይ ውኃ ያብለጨልጫል። ሐምሌ ነበር። ለአባቴ ሐምሌ ማለት ልምላሜ ነው፤ ባደገበት አገር በሐምሌ ሣር የማይበቅልበት መሬት የለም። እዚህ ግን ሐምሌ ደረቅ ወር መሆኑን ዓይኑ ረሳው። «ምንጭ ነው፣ የልጄ እናት! እዩልኝማ!» ብሎ ወርዶ ሮጠ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ተንበርክኮ በሁለት እጁ ዘግኖ ፊቱን ታጠበ፣ ተጉመጠመጠ፣ አናቱ ላይ አፈሰሰ። እኔም ልከተለው አንድ እግሬን አውርጄ ነበር።

ነፋሱ ለአፍታ ቆመ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ሽታው መጣ፤ ከዶሮ እግሩ የከፋ፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሽታ። ከዚያ ሣሩ ላይ የተጣበቀውን ወረቀት አየሁ፣ በየቦታው፣ ግራጫ። ከበላዩ ደግሞ የከተማዋ ፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑን ገፍቶ እየተንቦጨቦጨ ይወርዳል። አባቴ ምን እንደሆነ ሲገባው ደንግጦ ሊነሳ ሲል አዳለጠውና በጀርባው ሙሉ ለሙሉ ተዘረረበት። ወይኔ አባቴ! የከተማ ሙሉ ሰው ዓይነ ምድር ላይ።

ወጥቶ ከመኪናው ራቅ ብሎ ቆመ። አልቀረበንም። አንገቱን ደፍቶ የኋላውን በር እንድትከፍት ቁልፉን ወደ እናቴ ወረወረና ልብስ ብቻ ጣሉልኝ፣ ራሴ እታጠባለሁ አለ። እናቴ መጀመሪያ ከመኪናው ኋላ ሄዳ አስመለሳት። አፏን ጠርጋ ተመለሰችና የመጠጥ ውኃችንን ጄሪካን አወረደች፣ ትንሿን የጋዝ ምድጃ ለኮሰች፣ ውኃውን ለብ አደረገች። ከዚያ ቢጫው ሣር ላይ አስቀምጣ ሸሚዙን አወለቀችለት። ከብዙ ወራት በኋላ ስትነካው ማየቴ ነበር።

በልብስ ሳሙና አናቱን አሸችው፣ አንገቱን፣ ጆሮው ጀርባ ያለውን። ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ መሀል መሀል ላይ እያቅለሸለሻት። እሱ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑን ጨፍኖ «ንጹሕ ቦታ ላሳይሽ ብዬ ነበር» አላት።

«አየሁት» አለችው።

ውኃ አፈሰሰችበት። ደግማ ሳሙናውን አነሳች።

«እኔ ከሄድኩ አንተን ማን ያጥብሃል?» አለች፣ በተጸየፈ ድምፅ።

የአባቴ ትከሻ ሲናጥ ብርዱ መስሎኝ ፎጣ ይዤ ሮጥኩ፤ እሷ ቆይ ብላ በእጇ መለሰችኝ። ያን ማታ ወደ ዳቬይተን ተመለስን፣ መስኮቱን በሙሉ ከፍተን። ትምህርት ቤት ሲከፈት ዩኒፎርሜን የተኮሰችልኝ እናቴ ነች። እንግዲህ እዚህ አገር የቀረነው እንደዚህ ነው፤ ለሰው ሲነገር አያምርም።

አባቴ ባለፈው ክረምት ወደ ጌታ ሄደ። ሆስፒታል ነው ያረፈው፣ ስንደርስ አጥበውና ከፍነው ጠበቁን። ሬሳ ቤቱ የመድኃኒት ሽታ አለው፣ ከሥሩ ግን ሌላውም ይመጣል፤ እኔ በር ላይ ቆሜ መግባት አቃተኝ። እናቴ ገባች። አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ አየችውና ሠራተኛውን «ማን ነው ያጠበው?» ብላ በአማርኛ ጠየቀችው። ሰውየው አልገባውም፣ «ሁሉም አልቋል፣ ማማ» አላት። እሷ የሻሿን ጫፍ በምራቋ አርሳ፣ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ፣ ጆሮው ጀርባ ያለውን ቀስ አድርጋ መጥረግ ጀመረች።