ድንች ስለይ የፈጠርኩት ቋንቋ

እኔ ቋንቋ ፈጥሬያለሁ። ሳቅ፣ ግድ የለም፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን ሰምቶ ያልሳቀብኝ የለም። ዛሬ ጠዋት ከገበያ ያመጣሁትን ድንች ስዘረግፍ፣ ያ የእርጥብ አፈር ሽታ አፍንጫዬን ቢመታው ቃላቱ ሁሉ ተግተልትለው መጡ።

ክረምት ነበር። እኔና ታላቅ እህቴ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ባለቆርቆሮ ክፍል ተቀምጠን ድንች እንለያለን፤ ደህናውን ለዘር፣ የበሰበሰውን ወደ ውጭ። በበሩ ስንጥቅ የምትገባው ብርሃን ቀጭን ናት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ካልጮህክ መደማመጥ የለም። እህቴ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ «ተሻጋሪ ግስ» የሚባል ነገር ተምራ ነበር። እኔ እንኳ ትምህርቱን በጊዜ ተሰናብቼዋለሁ፤ ጭንቅላቴ ግን፣ ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና፣ ከመምህሯ ይበልጥ ነበር።

«ተኛ ብትል ማንንም አልነካህም» አለችኝ። «ጣለ ብትል ግን ነገሩ ወደ ሌላ ይሻገራል።»

«እንግዲያው በእኛ ቋንቋ መሻገሩ ከሩቁ ይታወቅ!» አልኩና ሕግ አወጣሁ። የሚሻገር ግስ ሁሉ ከፊቱ «ዙ» ይቀመጥለታል። ከኋላው ደግሞ ነገሩ ያረፈበት ሰው ይለጠፋል፤ እኔ ላይ ካረፈ «ሚ»፣ አንቺ ላይ ካረፈ «ቶ»። መተኛት «ኩር» ነው፤ የትም አይሻገርም፣ ብቻውን ይተኛል። መጣል «ፈል» ነው። እንቢታ ሲሆን «ቢ» ይቀድማል። ክረምቱን ሙሉ ድንች ስንጥል በዚያው ቋንቋ ስንቀላለድ፣ እናቴ ለወጥ የሚሆናት ልትወስድ ገባ ወጣ ትላለች።

«ምን ትንጫጫላችሁ፣ ወፍ መሰላችሁ እኮ!»

ጥቅምት ላይ ከእብናት ሽማግሌዎች መጡ። የእህል ነጋዴ ልጅ እህቴን አይቷት ኖሯል። የአባቴ ልብ ወዲያው አዘነበለ። እህቴ ከተዳረች ትምህርቷ ቀረ፤ የእኔም ቋንቋ ግማሽ ሕዝቡን አጣ። እናቴ ጠላ ቀዳች፤ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀምስምና ጠላው እንደሞላ ቆመ።

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው አመጣጣችን» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

አባቴ ሊመልስ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ እህቴ ከጓዳ «ቢ ዙፈልሚ!» ብላ ጮኸች። አትጣሉኝ ማለቷ ነው።

«ምን አለች?» አለ አባቴ።

«እንግሊዝኛ ሳይሆን አይቀርም» አሉ ሽማግሌው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እናቴ እንስራውን አስቀመጠች። ወደ ጓዳው ዞራ ረጋ ብላ «ቢ ዙፈልቶ» አለች። አልጥልሽም። መጨረሻዋን «ቶ» እንኳ አልሳተችም! ማን አስተማራት? ለካ ገባ ወጣ ስትል ጆሮዋ እኛው ዘንድ ነበር።

ከዚያ በአማርኛ «ይቅር በሉኝ አባቶቼ፣ ልጂቱ ትምህርቷን ትጨርስ። መልሱ ይኸው ነው፤ በሉ ጠላውን ቅመሱ» አለች።

«ሴትዮ፣ አንቺም ጀመረሽ?» ብሎ አባቴ ሳቀ። አንዴ ከሳቀ ደግሞ መቆጣት አይሆንለትም ነበር።

እናቴ ያን ቋንቋ ዳግመኛ አልተናገረችውም። ብንለምናት ብንወተውታት «እኔ ምኑን አውቄው!» ትላለች። ታማ በተኛች ጊዜ እጇን ይዤ በዚያው ቋንቋ ብዙ አወራኋት፤ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች እንጂ አልመለሰችልኝም። አሁን እህቴ ሐሙሲት አስተማሪ ናት። ስትደውል አልፎ አልፎ በቋንቋችን እንሳሳቃለን፤ እናቴ ያለቻትን ግን ማናችንም አንደግመውም። የእሷ ነው።

አላመንክም? ሐሙሲት ውረድና እህቴን ጠይቅ። ወገንህ ናት ካልከኝ እብናት ድረስ ሂድ፤ ትልቁ ሽማግሌ ዛሬም አሉ፣ ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «ያን ቀን ሴትዮዋ ለልጇ ምን አለቻት?» በላቸው። ቃሉን አያውቁትም። ትርጉሙን ግን አንድ ሳይሳሳቱ ይነግሩሃል። ሂድ፣ ጠይቃቸው!