በሰልማ በር ላይ ያደረግኩት ቀይ ኤክስ

ነገሩ የሆነው አምና ነው፤ ምርጫ ሊደርስ ሰሞን። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ሕዝቡ ምን እንደሚያስብ ላውቅ ሄጄ እኔው ራሴ ምን እንዳደረግኩ ሳላውቅ ስለዋልኩ ነው።

በሶሲዮሎጂ ከተመረቅኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሦስቱንም ዓመት የሠራሁት በር ማንኳኳት ነው። አንድ ጊዜ ስለ ሳሙና፣ አንድ ጊዜ ስለ አጎበር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰዎች በሳምንት ስንት ቀን ፓስታ እንደሚበሉ ጠይቄአለሁ። የአምናው ግን ከፍ ያለ ነበር። የውጭ ዜጎች ወደ አገራችን የሚገቡበትና የሚኖሩበት ሕግ እንዲሻሻል ታስቧል፤ መራጩ ሕዝብ ምን ይላል? የሚል ጥናት ነው። አሠሪያችን አንድ አማካሪ ድርጅት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ነገ ደግሞ ስለ ሌላ ነገር ሊልከኝ ይችላል።

የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠን። ሱፐርቫይዘራችን እሳት የላሰ ሰው ነው። ማብራራት የለም፣ መከራከር የለም፣ የራስን ሃሳብ መናገር የለም አለን። መልሱ አምስት ዓይነት ነው፤ ከ«በጣም እስማማለሁ» ይጀምርና «በጣም አልስማማም» ላይ ያልቃል። ሰው ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከአምስቱ በአንዱ ውስጥ ጠቅጥቆ ማስገባት የእኛ ፋንታ ነው።

በመጨረሻ ታብሌት፣ ባጅና አንድ አንድ ፍሬ ጠመኔ ታደለን። መራጭ አግኝተን የጠየቅንበት በር ላይ ራይት፣ መራጭ የሌለበት በር ላይ ኤክስ እናደርጋለን። ሁለተኛ እንዳይንኳኳ ነው። ነጩ ስላለቀ ጠመኔው ቀይ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ላይ ቀይ ኤክስ ተደረገ ማለት ቤቱ ሊፈርስ ነው ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። በሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው ምሩቃን ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

የደረሰኝ ለቡ ነው፤ ከመብራት ኃይል ትንሽ ገባ ያለ ኮንዶሚኒየም። የምኖረው ላፍቶ ስለሆነ «ቅርብ ነሽ፣ ሕዝቡን ታውቂዋለሽ» ተብዬ ነው የተመደብኩት።

መጀመሪያ ያገኘሁት የሕንፃውን የእድር ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰን ነው። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ምድር ቤት ይኖራሉ። የኢሚግሬሽን ሕግን በተመለከተ ነው ስላቸው ፊታቸው በራ።

«ፓስፖርት ሊፈጥን ነው?»

«አይ፣ ወደኛ ስለሚመጡ ሰዎች ነው።»

«እነሱንማ ጠይቂኝ» አሉና ወንበር አቀረቡልኝ።

ጠየቅኳቸው። ፈቃድ የሌለው የውጭ ዜጋ ከአገር ይውጣ? በጣም እስማማለሁ። ቤት ያከራየው ሰው ይቀጣ? በጣም እስማማለሁ። ያየ ሰው የመጠቆም ግዴታ ይኑርበት? ጋሽ ታደሰ ከ«በጣም» የሚበልጥ ቃል እንዳለ ጠየቁኝ። የለም ስላቸው ቅር አላቸው።

የመጨረሻው ጥያቄ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር የውጭ ዜጋ ያውቁ እንደሆነ ነው። «እዚህ? አንድም የለም» አሉ። ይህን ብለው አፋቸውን ሳይገጥሙ አንዲት ረጅም ቀጭን ሴት ሰፊ ጨርቅ እላይዋ ላይ ጠምጥማ፣ ሕፃን አቅፋ መጣች።

«ጋሽ ታደሰ፣ ድስት ሁሉ ታጠበ። ቁልፍ ይሄው» አለች። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ነው። ባጄን ስታይ ቀሪውን ቃል ዋጠችው።

«አንቺው ጋ ይሁን፣ ሂጂ ግቢ» አሏት። ደረጃውን ሮጣ ወጣች። ጋሽ ታደሰ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ «የእህቴ ልጅ ናት፤ መተማ ነው ያደገችው» አሉኝ። እኔ ምንም አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ሁለተኛ ፎቅ እትዬ ወይንሸት ልብስ እያሰጡ መለሱልኝ። ኪራዩን ያስወደዱት፣ ጎመኑን ሳይቀር ያስወደዱት የውጭ ሰዎች እንደሆኑ አስረዱኝ። ይውጡ፣ በጣም ይውጡ። እዚህ ሕንፃ ውስጥስ? የለም። «ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ የአሶሳ ናት፤ አማርኛዋ ለዚያ ነው» ብለው ሳልጠይቅ ጨመሩልኝ። ውሃ ልገዛ ስወርድ ደግሞ ባለሱቁ ሸምሱ ድንበሩ ሁሉ ይዘጋ ካለ በኋላ ሴትዮዋ የጋምቤላ እንደሆነች በራሱ ጊዜ መሰከረ። በአንድ ጠዋት ለአንዲት ሴት ሦስት የትውልድ ቦታ ሰማሁ። ቢያንስ ቢመካከሩ ጥሩ ነበር።

ሞኝ አይደለሁም፤ ከአለባበሷና ከአነጋገሯ ሱዳናዊት እንደሆነች ገብቶኛል። ታብሌቱ ላይ ግን «የለም» ብዬ ሞላሁ። የራስን ሃሳብ መናገር የለም ተብሏላ።

ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። በሩን ገርበብ አደረገችው።

«የምርጫ ካርድ አለሽ?»

«የለኝም» አለች፤ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም።

«አመሰግናለሁ» አልኩና በሩ ሲዘጋ ጠመኔዬን አውጥቼ ከጥግ እስከ ጥግ ኤክስ አደረግኩበት። ሥራዬን አጥርቼ የምሠራ ሰው ነኝ። በዚያ ሕንፃ ኤክስ ያለበት በር የእሷ ብቻ ነበር።

ከምሳ በኋላ አጠገቡ ያለው ሕንፃ ውስጥ «በጣም እስማማለሁ» እየለቀምኩ ሳለ እትዬ ወይንሸት ደርሰው ክንዴን ያዙኝ።

«ምን ጽፈሽባት ነው?»

ሰልማ ትባላለች። ልጇን አዝላ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ ሄዳለች። የእድሩን ቁልፍ ጋሽ ታደሰ በር እጀታ ላይ አንጠልጥላዋለች። ሌላውን እትዬ ወይንሸት እየጎተቱኝ በመንገድ ነገሩኝ። የመኖሪያ ወረቀቷ ጊዜው አልፎበታል። ጦርነቱ ሲነሳ ባሏ ካርቱም ቀርቷል፤ ድምፁን ከሰማች ከዓመት በላይ ሆኗታል። የመጨረሻ ቀን ሲደውል የሰጠችው አድራሻ የዚህን ሕንፃ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ተሰርቋል፤ የእሱም ቁጥር አብሮ ሄዷል።

«ሻል ያለ ቤት ስናገኝላት እምቢ ያለችው ለዚህ ነው። ሰውዬው ከመጣ የሚመጣው እዚህ ነው። አሁን የት ብሎ ይፈልጋታል?»

«እትዬ፣ ኤክሱ እኮ መራጭ አይደለችም ለማለት ነው» አልኳቸው።

«እሷ ይሄን በምን ትወቀው? እኔስ በምን ልወቀው?»

ስንደርስ ጋሽ ታደሰ የእድሩን ጥሩምባ እየነፉ ነበር። ያ ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። ሰዉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ከየደረጃው ወረደ። አንዲት ሴትዮማ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ማልቀስ ጀምረው ነበር።

«የሞተ ሰው የለም» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ሰልማ ልጇን ይዛ ሄዳለች። ወንዶች ወደ አስፋልቱ፣ ሴቶች ወደ ጉልቱ። ሸምሱ፣ አንተ ታክሲ ተራውን።»

የወረደውን ሰው አየሁት። ጠዋት ይውጡ ያሉኝ ሁሉ አሉበት። ድንበር ይዘጋ ያለው ሸምሱ ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ሮጠ። እኔም ታብሌቴን በብብቴ ይዤ ተከተልኩት።

መብራት ኃይል ታክሲ ተራ ላይ፣ ገና ባልሞላ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አገኘናት። ሸምሱ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት።

«ይሄ ታክሲ ወዴት ይሄዳል?» አለችው።

የተሳፈረችበትን አታውቀውም። ከሸምሱ ኋላ እኔን ስታይ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ፈርቶኝ አያውቅም። ባጄን ከአንገቴ አውልቄ ኪሴ ከተትኩ።

«ቤቱ አይፈርስም። የመጣሁት ላስወጣሽ አይደለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። አላመነችኝም፤ ምን ብላ ትመነኝ። ከሚኒባሱ የወረደችው እትዬ ወይንሸት እያለከለኩ ደርሰው ሻንጣዋን ይዘውባት ሲሄዱ ነው።

ተመልሰን እርጥብ ጨርቅ ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ቀይ ጠመኔ ቶሎ አይለቅም። ጋሽ ታደሰ ከኋላዬ ቆመው «ከታች በኩል ቀርቷል» ይሉኛል፤ እኔ እፈትጋለሁ። ሰልማ ውስጥ ሆና ልጇን ታጠባለች።

ስጨርስ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ታብሌቱን አወጣሁ። ከዚያ ሁሉ መልስ አንዱ እንኳ ቢስተካከል ብዬ ነው።

«ጋሽ ታደሰ፣ የጠዋቱ ገና አልተላከም። መልስዎን ልቀይርልዎ?»

«ለምን ይቀየራል? እንዳልኩሽ ነው። የውጭ ሰው ይውጣ።»

«ሰልማስ?»

ነገር እንደማይገባው ሰው አዩኝ። «ሰልማ እድርተኛ ናት። እናቷ ካርቱም ስትሞት ድንኳን ጥለን ሦስት ቀን ተቀምጠናል። ባለቤቴ ስትሞት ደግሞ ያን ሁሉ ድስት ስታጥብ የሰነበተችው እሷ ናት። አንቺ ስለ ውጭ ሰው ነው የጠየቅሽኝ፤ ስለ እሷ መቼ ጠየቅሽኝ?»

ታብሌቱ ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን ቦታ ፈለግኩ። አምስቱንም ደጋግሜ አነበብኳቸው። «በጣም እስማማለሁ» ላይ እንዳለ ትቼ ላክሁት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ውጤቱ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሲቀርብ እኔም ተጠርቼ ነበር። የአካባቢው መራጭ ጥብቅ ሕግን አጥብቆ እንደሚደግፍ፣ በሕንፃዎቹም ውስጥ የውጭ ዜጋ እንደማይታወቅ በባለቀለም ሥዕል ታየ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ የራስን ሃሳብ መናገር መቼም የለም። ደግሞ አንዱንም እኔ አልፈጠርኩትም፤ ሁሉንም አፋቸውን ሞልተው ነግረውኛል።

ሰልማ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ናት። ባሏ እስካሁን አልመጣም። በዚያ ሳልፍ ጎራ እላለሁ፤ ትስቅልኛለች፣ ሻይ ታፈላልኛለች፤ ልጇም ለምዳኛለች። ስትስቅልኝ ይብስብኛል። ያን ቀን ሕንፃውን ሙሉ እየዞርኩ ሃሳባችሁ ምንድን ነው ስል የዋልኩት ስለ እሷ ነበር። እሷን ግን ካርድ አለሽ ወይ ብቻ አልኳት፤ የለኝም ስትለኝ አመስግኜ አለፍኩ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።