የቆርቆሮው ቤት ጢስ

ድካም ያላስተማረኝ ነገር የለም። በቃኝ ማለትንም ያስተማረኝ እሱ ነው እንጂ ጨዋነቴ አይደለም።

ቤታችን ከእንጅባራ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ የሣር ክዳን፣ የቀርቀሃ አጥር። ሰንበሌጥ ማጨድ፣ መሸከም፣ ለሚከድነው ደቦ ጠላ መጥመቅ የእኔ ዕዳ ነው። ክረምት ሲገባ ያ ሁሉ ልፋት ተረስቶ አንዱ ጥግ ያፈሳል። ከአጥራችን ማዶ ያለው ነጋዴ ግን ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰው። በሰፈራችን የመጀመሪያው ነበር። ፀሐይ ሲያርፍበት የሰውን ዓይን ይወጋል፤ እኔን የወጋኝ ልቤን ነው። እናቴ "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ትል ነበር። እኔ ምን ወርቅ ፈለግሁ? የማያፈስ ጣሪያ እንጂ።

ባለቤቴን ነዘነዝኩት። ሲተኛም ሲነሳም ነዘነዝኩት። በመጨረሻ "እሺ፣ አንዱን ፈረስ እሸጠዋለሁ" አለ። በእኛ አገር የሚታረሰው በፈረስ ነው፤ ከጥንዱ አንዱ የጎደለበት ገበሬ መቀናጆ ፍለጋ የሰው ደጅ ሲጠና ይከርማል። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ ወጥቶ የፈረሱን ግንባር ሲያሻሽ ቆየ። ገበያው በማግስቱ ነበር።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ከየት እንደሚመጣ ልጠይቅ ወደ ነጋዴው ሚስት ሄድኩ። ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝ። ትልቁ ቤት ተቆልፏል። ሴትዮዋን ያገኘኋቸው ከጓሮ፣ በጥድፊያ በተቀለሰች የሣር ጎጆ ውስጥ ነው፤ ልጆቻቸውን ሰብስበው እሳት ይሞቃሉ።

"እትዬ፣ ምነው እዚህ ተቀመጡ?" አልኳቸው።

"እዚያማ በምን አንጀታችን እንቀመጥ?" አሉ። "እሳት ስናነድ ጢሱ መውጫ አጥቶ ዓይናችን ሊጠፋ ደረሰ። የሣሩ ክዳን ቀስ አድርጎ ያሳልፈው ነበር፤ ይህን ማን አሰበ? እንዳናነድ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዝናብ ሲመጣማ እንኳን ጨዋታ ጸሎትም አይሰማ። ቤቱ የእንግዳ ሆኖ ቀረ።"

"እንግዳውስ ይመጣል?"

"ማን ይመጣል እታለም? በበጋው የእናንተ ደቦ በአገውኛ ሲዘፍን እዚሁ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ባሌን የጠራው የለም። በየዓመቱ በሣር የሚከደን ጣሪያ ለሌለው ሰው የደቦ ውለታውን በምን ይመልሱለታል?"

እሳቱ ዳር ቁጭ አልኩ። ደክሞኝ ነበር፤ የእሳቸውም ፊት የደከመ ነው። ስቀናባቸው የከረምኩት ሴት እንደ እኔው ጥቀርሻ ሥር ተቀምጠዋል። ደስ አላለኝም። አዘንኩ፣ ለእሳቸውም ለራሴም። ስለ ቆርቆሮው ሳልጠይቅ ተነሳሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ለጠዋቱ መንገድ የፈረሱን ገመድ ይጠግናል።

"ገመዱን ስቀለው" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ጣሪያውስ?"

"ማሰሮ እደቅንበታለሁ።"

ገመዱን ሰቅሎ ወደ ፈረሶቹ ወጣ። እኔም ማሰሮዬን ጥጉ ላይ ደቀንኩና ከምድጃው ዳር ተቀመጥኩ። ዝናቡ አላባራም፤ ሣር ላይ የሚወርድ ዝናብ ግን ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ባለቤቴ ደጅ ቆሞ ፈረሱን "ነገ የትም አትሄድም" ሲለው ጥርት ብሎ ተሰማኝ።