እጣቢ የጠጣው ሰፈር

ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ በነበረው የስደተኞች ሰፈር፣ ያን ሁሉ ሕዝብ የገዛ ልብሱን እጣቢ አጣርቶ እንዲጠጣ ያሳመንኩት እኔ ነኝ። በአፌ ብቻ። ያኔ ጉሮሮዬ ከታንከር መኪና ጥሩምባ ይበልጥ ነበር፤ ሰፈሩ ዳር ቆሜ ስናገር መተማ ያሉ አህዮች ጆሯቸውን ያቆማሉ ይባል ነበር። ይህን ይል የነበረውም እኔው ነኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ሕዝቡ ውሃውን የጠጣው በአፌ ምክንያት አይደለም፤ አፌ ነገሩን ካበላሸው በኋላ ነው።

ዘመኑ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። ከጎንደር ቆላ በእግራችን ወርደን ድንበሩን የተሻገርን፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ በድንኳንና በሣር ጎጆ ሰፍረናል። ሐፊር የሚሉት የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቁ ጉድጓድ ደርቆ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ውሃ የሚመጣልን በመኪና ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ በቀን አንድ ጀሪካን። የቅማል ትኩሳት እንዳይዛመት ደግሞ ልብስ ማጠብ ግዴታ ስለሆነ፣ ሳሙና ብርቅ ነበርና፣ ከሐኪም ቤቱ ጎን ባለው ማጠቢያ በፈላ ውሃ ብቻ እናጥባለን። ከዚያ የሚወርደውን ውሃ መሬት ይጠጣዋል።

የውሃው ኃላፊ ሱዳናዊ ሙሃንዲስ ነበር፤ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው። አንድ ቀን ማጠቢያው ዳር ቁጢጥ ብሎ ሲያይ ዋለና፣ እጣቢውን በአሸዋና በከሰል አጣርቶ፣ መድኃኒት ጨምሮ ለመጠጥ የሚያወጣ ታንከር ሠራ። ሠርቶ ሲያበቃ ግን አልከፈተውም።

«ሰዉ ሳይስማማ አይከፈትም» አለኝ። የገበያ ዐረብኛ ስለማውቅ አስተርጓሚውም ለፋፊውም እኔ ነበርኩ። «ካልተስማሙ ደግሞ በመኪና የሚመጣው ውሃ ብቻውን ለሁሉ አይበቃም። የሰፈሩ ግማሽ ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ በኩል ይዛወራል።»

ይህን ስሰማ ትዝ ያሉኝ የጎረቤቴ ድንኳን ባለቤት፣ ሙስሊሟ እማማ ናቸው። አንድ ልጃቸው ለእርሻ ሥራ ወደ ባሱንዳ ሲሄድ «እዚችው ድንኳን ጠብቂኝ» ብሏቸዋል። ከዚያ በቀር አድራሻ የላቸውም።

«ከዚህ ከነቀሉኝ ልጄ ማንን ጠይቆ ያገኘኛል?» አሉኝ ወሬውን ስነግራቸው። «እስቲ ያ አፍህ አንድ ቀን እንኳ ለቁም ነገር ይዋል።»

ዋለ። የቆርቆሮ ጥሩምባዬን ይዤ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ሰው ውሃውን አይቶና አሽትቶ እንዲወስን ሙሃንዲሱ አንዷን ቧንቧ ለሙከራ ይከፍታል፤ እሱን ብቻ ንገር ነበር የተባልኩት። እኔ ግን ውሃው ሰባት ድርብ አሸዋ አቋርጦ ይመጣል አልኩ። እንኳን ጥም ሕመም ይነቅላል፣ ጋኔን ቢነካው ይጮኻል አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ አንዱ ሸሚዙን አውልቆ ከቧንቧው ሥር ተንበርክኳል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እየተጠመቅኩ። ወገቤን ያመኛል።»

ከኋላው ጠርሙስ የያዘ፣ ልጁን ያዘለ፣ በምርኩዝ የቆመ፣ ረጅም ሰልፍ ነው። ጀሪካን ይዘው የመጡት ሙስሊሞች ጥቂት ቆመው አዩና፣ «የነሱ ጠበል ከሆነማ ለኛ አይሆንም» ብለው ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ተመለሱ። የሰፈሩ ቄስ መጥተው ደረቴን በመቋሚያቸው ነካ ነካ አደረጉኝ። «ማን ባረከው? አንተ ነህ የባረክኸው?»

ሙሃንዲሱ ሰልፉን አየ፤ እኔን አየ። «ምን አልካቸው?»

«ንጹሕ ነው አልኳቸው።»

«ይሄን ለማለት ነው ግማሽ ቀን የፈጀብህ?»

በነጋታው ሰፈሩ መሀል ባለችው ግራር ጥላ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ቀን ካልተወሰነ ሰዉን በመኪና ማዛወር እንደሚጀመር ሁሉም ያውቃል። እኔ ጥሩምባዬን ሳነሳ እማማ ቀድመው ተነሡ።

«አንተ ልጅ፣ እሱን አስቀምጥና ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረን። ይሄ ውሃ ምንድን ነው?»

«እጣቢ ነው።»

«የማን?»

«የናንተ። የኔም።»

«በምን ጠራ?»

«በአንድ አሸዋና በአንድ ከሰል። ከዚያ መድኃኒት ይገባበታል።»

«አሸዋው ትናንት ወዲያ ሰባት ነበር።»

«ስድስቱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ጥያቄው መጣ። ሙሃንዲሱ ስለ ጣዕሙ ይጠይቁኛል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሴቶቹ የጠየቁት ሌላ ነው። የሞተ ሰው ልብስ እዚያ ይታጠባል ወይ? ይታጠባል። የሕፃናት የሽንት ጨርቅስ? እሱም። መድኃኒቱ ጀርሙን ሁሉ እንደሚገድል ሙሃንዲሱ አስረዳ፤ እኔም ቃል ሳልጨምር አስተረጎምኩ።

ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ከኋላ፣ «ጀርሙን ይግደል፤ እኛ ማጠቢያው ላይ ያየነውን ማን ይገድልልናል?» አለች።

ሙሃንዲሱ ይህን ሲሰማ ደብተሩን አወጣ። እነሱ ተናገሩ፣ እሱ ጻፈ። የሟች ልብስና የሽንት ጨርቅ ከሰፈሩ በታች ሌላ ማጠቢያ ይቆፈርለት፤ የዚያን ውሃ መሬት ይጠጣው። በላይኛው ማጠቢያ አንዲት ክርስቲያንና አንዲት ሙስሊም በተራ ቆመው እያንዳንዱን ጥቅል ፈትተው ይዩ። መድኃኒቱ ሲሰፈር በሕዝብ ፊት ይሁን። የሙስሊሞቹ ሸኽ ውሃውን በብርጭቆ ተቀብለው ወደ ፀሐይ ያዙት፣ አሸተቱት፤ መልኩም ሽታውም ጣዕሙም ካልተለወጠ ውሃ ውሃ ነው አሉ። ቄሱም፣ «ጠበል አይደለም። ጠበል ያለው እሱ ነው» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«አንድ ይቀራል» አሉ እማማ። «በኛ አገር የሚያጠጣ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ይቀምሳል።»

ሳስተረጉምለት ሙሃንዲሱ እጅጌውን ሰብስቦ ከቧንቧው በመዳፉ ቀዳና ጠጣ። ጺሙን ጠርጎ እንደገና ቀዳ። ያኔ እጅ አውጡ ተባለ። የወጣውን እጅ ብዛት ልነግራችሁ አልችልም፤ ብነግራችሁም አታምኑኝም።

ዱራ የሚሉትን የርዳታ ማሽላ ለመቀበል ተሰለፉ ሲባል የሚሰለፍ፣ ተቀመጡ ሲባል የሚቀመጥ ሕዝብ ነበርን። በዚያ ቀን ግን ተጠየቅን፤ ተጠይቀንም ሙሃንዲስ ያላሰበውን አሰብን። ከዚያ ወዲህ ሕዝብ መከረ በሚባልበት ብዙ አዳራሽ ተቀምጫለሁ፤ ያችን ግራር የሚስተካከል አላየሁም። ዛሬም ሳወራው ደረቴ ይነፋል፤ ይህን እንኳ አላጋነንኩም።

ማንም አልተዛወረም። አዝመራው ሲያልቅ የእማማ ልጅ በሰሊጥ መኪና መጥቶ ድንኳኗን በቀጥታ አገኛት። እናቱ ውሃ ቀዱለትና፣ «ጠጣ፤ ከየት እንደመጣ ስትጨርስ እነግርሃለሁ» አሉት።

የታችኛውን ማጠቢያ ሕግ በጥሩምባ ያወጅኩት እኔ ነኝ። በየጠዋቱም ጥቅል ይዤ እዚያ እወርድ ነበር። ከእናቶች በቀር ሰው የማይደርስበት ቦታ ስለሆነ ምን ልታደርግ መጣህ ብለው ጠየቁኝ። አልጋ የያዙ ሽማግሌ አጎት አሉኝ አልኩ። መረቁኝ። ለባሎቻቸው ምሳሌ አድርገው ያወሩኝ ነበር፤ አንዷ እንዲያውም ጥቅሌን ተቀብላ አጠበችልኝ።

አጎት አልነበረኝም። ብርድ ልብሱ የራሴ ነበር። ድንበሩን ከተሻገርኩበት ቀን ጀምሮ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ፣ በሃያ አንድ ዓመቴ፣ መኝታዬ ላይ እሸና ነበር።